የተበላ የካርቡራቶር ብሎን ያላችሁ ደሴዎች፣ መሮ ከሚያነሳ ጋራዥ ራቁ

ጀመዓ፣ እጄ ገና ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። የሆነው ዛሬ ከሰዓት ነው።

ሞተሬ ከኮምቦልቻ ስመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ እየታፈነች አስቸገረችኝ። ባለፈው ሳምንት የማደያው ሰልፍ ሲሰለቸኝ በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ሞልቼ ነበር። ካርቡራቶሩ፣ ማለትም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል፣ መታጠብ ብቻ ነው የሚፈልገው። ቤት ስፈታው ቤንዚን የሚጠራቀምበትን ኩባያ ከያዙት አራት ብሎኖች ሦስቱ ወጡ። የአራተኛው ግን ራሱ ላይ ያለው፣ ካቻቢቴ የሚገባበት መስቀል ተበላ። ካቻቢቴው ዝም ብሎ ይዞራል።

በፌስታል ይዤው ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ሄድኩ። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፤ እቃውን ሳያይ "አብሽር፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት" የሚል። 500 ብር አስቀድሞ ተቀበለኝ። "ዘይት ረጭተን ትንሽ ብናቆየውስ?" ስለው "ወንድሜ፣ ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?" አለና ፊቱን አዞረ። መሮና መዶሻ ለረዳቱ ልጅ ሰጥቶ ስልክ ማውራት ጀመረ።

ልጁ መታ። ደገመ። ብሎኑ ንቅንቅ ያለ መስሎኝ ደስ አለኝ። ሦስተኛው ላይ "ቀጭ" አለ። ብሎኑ የሚገባበት ጆሮ ተገንጥሎ ከነኩባያው ልጁ እጅ ላይ ቀረ። የካርቡራቶር አካል እኮ ለስላሳ ነው፣ የመሮ ምት አይችልም። ልጁ ደንግጦ አየኝ። ጌታው ስልኩን ሳይዘጋ መጣ፤ ቁራጩን አገላብጦ አየና "ይሄማ ድሮም የተሰነጠቀ ነው፤ ሰንጥቀህ ነው ያመጣኸው" አለኝ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ብሩን ተዉት፤ እውነቱን ያየ ልጅ ፊት እንዲህ መባሌ ነው ያንገበገበኝ።

ከዚያ መደርደሪያው ላይ የነበረ ያገለገለ ካርቡራቶር አወረደ። 3,800 ብር፣ "ላንተ ስለሆነ"። ነገ ጠዋት ሥራ አለብኝ ብዬ ሳልፈትሸው ከፈልኩ። ቤት ስገጥመው ቤንዚን ያንጠባጥባል። መሮውን ሲያነሳ እጁን መያዝ ነበረብኝ። ቆሜ አየሁ።

የተበላ ብሎን ካለባችሁ ዘይት ጠጥቶ ይደር። የብሎኑ ራስ ብቅ ያለ ከሆነ ዙሪያውን በፒንሳ ጨምድዱት፤ ካልሆነ በብረት መጋዝ ራሱ ላይ መስመር አውጥታችሁ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ሞክሩት። የጃፓን ካርቡራቶሮች ብሎን መስቀል ደግሞ ከተለመደው ካቻቢቴ ጋር በደንብ አይገጥምም፣ ቶሎ ይበላል።

አሁን ማታ ጎረቤቴ የተሰበረውን ቁራጭ ተቀብሎኝ ዘይት ነካ አደረገበትና በፒንሳ ያዘው። ብሎኑ በግማሽ ዙር ላላ።