ስምንት ወር በደረቴ ላይ የዋለችው ቦርሳ

ነገሩ የተጀመረው ሚያዝያ ላይ ነው። ማታ ሜክሲኮ ቆሜ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። ራይድ መጥራት አልቻልኩም፣ ብሬ ሁሉ ቴሌብር ላይ ነው፣ ኪሴ ውስጥ ሳንቲም የለም። የሰው ስልክ ለምኜ ልደውል ብል በቃሌ የማውቀው ቁጥር አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ጎንደር ያለችው የእናቴ የቤት ስልክ። በዚያ ሰዓት ደውዬ ምን ልበላት? በዝናብ እስከ ጦር ኃይሎች በእግሬ አዘገምኩት።

በግንቦት መርካቶ ወርጄ በ1,400 ብር ትንሽ የደረት ቦርሳ ገዛሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ይዞ ስለሚወጣ ዕቃ የሚያወራ የፈረንጅ ቪዲዮ ሳይ ከርሜ ነበር። ስለዚህ ቦርሳዋ የከተማ ሰው ሳይሆን የዘማች ቦርሳ ሆነች። ፓወር ባንክ፣ የእጅ ባትሪ፣ ባለብዙ መፍቻ፣ ገመድ፣ ፊሽካ፣ ፋሻ፣ ሁሉንም ጠቀጠቅኩባት። ሁለት ኪሎ ሳትሞላ አትቀርም።

መጀመሪያ የተሰናበተው መፍቻው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በቀን ስንቴ እንደምንፈተሽ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ባንክ ፍተሻ፣ ቢሮ ፍተሻ፣ የገበያ ሕንፃ ፍተሻ፣ በዓል ሲሆን ቤተ ክርስቲያን በር ላይም ፍተሻ።

«ወንድም፣ ይሄ ምንድነው?»

«መፍቻ ነው።»

«መፍቻ ቢላ አለው እንዴ?»

እውነቱን ነው፣ አለው። ስለት ነው ተብሎ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል፣ ስወጣ እቀበላለሁ። ሁለት ጊዜ ረስቼው ተመልሻለሁ። በሦስተኛው ጊዜ በማግስቱ ብመጣ ተረኛው ተቀይሯል፣ መፍቻውን ያየ ሰው የለም። አሁን የምይዘው ጥፍር መቁረጫ ነው። ክር ይቆርጣል፣ የታሸገ ነገር ይከፍታል፣ ማንም ጥበቃ ስለሱ ጠይቆኝ አያውቅም።

ፓወር ባንክ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዬን ከመንገድ ላይ ገዛሁት፤ የሚይዘው 30,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው ይላል። እጄ ላይ ግን ላባ ነው። ደህና 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዝ ፓወር ባንክ ብቻውን 200 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ሦስት እጥፍ እይዛለሁ የሚል ዕቃ ከዚያ ከቀለለ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ስልኬን ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ጠፋ።

ሁለተኛውን ከሱቅ በ2,500 ብር ወሰድኩ፣ 10,000 የሚል። ይህም ቢሆን 10,000 አይሰጥም፤ ማታለል ግን አይደለም። ቁጥሩ የተለካው በውስጡ ባሉት ሴሎች ቮልቴጅ፣ በ3.7 ቮልት ነው፤ ስልክ ላይ ሲደርስ ግን ወደ 5 ቮልት ከፍ ማለት አለበት፣ በመሃል ደግሞ በሙቀት የሚባክን አለ። የሚተርፈው 6,000 አካባቢ ነው። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ስትገዙ ትልቁን ቁጥር ትታችሁ እሱን አንብቡ። የኔ ስልክ 5,000 ስለሆነ አንዴ ሞልቶ ትንሽ ይተርፈው ነበር። ከስምንት ወር በኋላ አንዴ ይሞላል፣ ትርፉ ቀርቷል። ለኔ ይበቃኛል። ታኅሣሥ ላይ ጎንደር ስሄድም አብሮኝ በርሯል። ከእናንተ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አይደረግም፤ ገደቡ 100 ዋት ሰዓት ነው፣ የኔ 37 ብቻ።

የእጅ ባትሪው ጥሩ ነው፣ አመሉ ግን አስቸጋሪ። ቦርሳ ውስጥ ማብሪያው እየተጫነ ለብቻው ይበራና ማታ ስፈልገው ሙት ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱን ያገኘሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ የኋላ ክዳኑን በትንሹ ማላላት። ቻርጅ ማድረጊያው ላይ ያለችው የጎማ መሸፈኛ ተገንጥላለች። ያም ሆኖ መብራት በጠፋ ቁጥር የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ የምወጣው በሱ ነው። የስልኬን ባትሪ ለብርሃን መጨረስ ትቻለሁ።

አሁን ካለኝ ዕቃ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዝ ብትሉኝ የምመርጠው ግን ያልገዛሁትን ነው። በትንሽ ላስቲክ የተጠቀለለ 400 ብር፤ ሁለት መቶ፣ ሁለት ሃምሳ፣ አሥር ባለ አሥር። ከሱ ጋር አንድ ቁራጭ ወረቀት አለች፤ የባለቤቴ፣ የወንድሜና የጎረቤቴ ስልክ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991፣ እሳት አደጋ 939። መስከረም ላይ ልጄን ሌሊት ትኩሳት ያዘው። የሰፈራችን ፋርማሲ ክፍት ነው፣ መብራት ግን የለም። ቴሌብር ልክፈል ብል ያችኑ የምናውቃትን ቃል ሰማሁ፤ «ሲስተም የለም»። ከጥቅሉ ከፍዬ ሽሮፑን ይዤ ሮጥኩ። ስንት ማንኪያ እንደሚሰጠው ያነበብኩት በዚያው አመለኛ ባትሪ ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ታክሲ ላይ ዝርዝር ስጠየቅ እጄ ወደዚያች ጥቅል ይሄዳል። አምስት ጊዜ ያህል አጉድያት እሑድ ሞልቻታለሁ።

ቦርሳዋ ራሷስ? ውሃ አታስገባም ተብላ ነበር የተሸጠችልኝ። ጨርቁ እውነትም አያስገባም፣ ዚፑ ግን የሐምሌን ዝናብ አልቻለውም። ወረቀቷን አሁን በላስቲክ ከረጢት ነው የማስቀምጣት። በስድስተኛው ወር የትልቁ ኪስ ዚፕ ተከፍቶ ቀረ፤ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስጄ አስቀየርኩት፣ የእሱ ስፌት ከፋብሪካው ይሻላል። ትልቁ ጥቅሟ በፊት ለፊት መዋሏ ነው። በጥምቀት ጃን ሜዳ፣ ከዚያም መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ሰው እየገፋኝ አንዴም ልቤ ወደ ኪሴ አልሄደም።

ፋሻውና ፕላስተሩ ተጠቅሜባቸዋለሁ፣ ይቆያሉ። ገመዱ ቤት ልብስ ተሰጥቶበታል። ፊሽካውን ልጄ ወስዶታል፤ ባለቤቴ እስካሁን ይቅር አላለችኝም።