ለንደን ውስጥ ከመንታ አንዱን ፅንስ ለመቀነስ የሄድንበት ክፍል፦ ሐኪሞቹ አንደኛ፣ አቀባበሉ ግን...

ስለዚህ ሕክምና በአማርኛ ብፈልግ ብፈልግ ምንም ስላጣሁ እኔው ልጻፈው። የማማርርበት ነገር ስላለ የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። የኤንኤችኤስ (የእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት) የፅንስ ሕክምና ክፍል ነው፣ ሳንቲም አልከፈልንም።

መንቶቹ አንድ የእንግዴ ልጅ የሚጋሩ ነበሩ። የአንዷ ድርሻ በጣም ትንሽ ስለነበር እድገቷ ቆመ፣ በእትብቷ የሚሄደው ደምም ተበላሸ። የደም ሥሮቻቸው የተያያዙ ናቸው፤ እሷ በድንገት ብትሞት የእህቷ ደም ወደ እሷ ይፈስና ያችኛዋም ልትሞት ወይም አንጎሏ ሊጎዳ ይችላል። ሐኪሟ ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችን። ሳይነኩ መከታተል፣ የደም ሥሮቹን በሌዘር መለየት፣ ወይም የአንዷን ደም ማቆም፤ የትኛውንም አላጋነነችም፣ ወደ አንዱም አልገፋችንም። ለዚህ ብቻ አምስት ኮከብ።

የእንግዴ ልጃቸው ለየብቻ ለሆነ መንቶች የአንዱ ልብ ላይ ፖታሲየም ክሎራይድ ይወጋል። ለኛ አይሆንም፣ መድኃኒቱ ወደ ሌላዋ ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ በራዲዮ ሞገድ የሚግል ቀጭን መርፌ ተጠቀሙ፦ ሆዴን አደንዝዘው፣ በአልትራሳውንድ እያዩ እትብቱ ከሆዷ ወደሚገናኝበት ቦታ አስገቡት፣ ሙቀቱ የደም ሥሩን ይዘጋዋል። ነቅቼ ነበር። ስክሪኑን ሳልጠይቅ አዞሩልኝ። ሌላዋ የምትተርፈው ከ10 እርግዝና 8 ያህሉ ላይ እንደሆነና ትልቁ ስጋት የሽርት ውሃ ያለጊዜው መፍሰስ እንደሆነ ቀድመው ነግረውናል። በ1967ቱ የእንግሊዝ የፅንስ ማቋረጥ ሕግ መሠረት ሁለት ሐኪሞች መፈረም እንዳለባቸው ግን የነገረን የለም፤ ወረቀቱ በዚያው ጠዋት ሲመጣ ደነገጥን።

አስተርጓሚን በተመለከተ፣ ባለቤቴ ይተርጉምልኝ ብል ሐኪሟ እምቢ አለች። ልክ ናት፣ እሱ እያለቀሰ ምኑን ይተረጉማል። በአካል የሚመጣ ሰው ደግሞ እኔ አልፈለግሁም፤ የለንደን ሐበሻ እርስ በርሱ ይተዋወቃል፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ማን እንደሚያጋጥመኝ አላውቅም። በስልክ፣ ስሜን ሳይጠሩ አደረጉልኝ። ይህን መጠየቅ ይቻላል። የነፍስ አባቴን እስካነጋግርም ሳይጎተጉቱኝ ጠበቁኝ (የመከሩኝ በእኔና በእርሳቸው መካከል ይቅር)።

ያበሳጨኝ ክትትሉ ነው። የሞተችው እስከ ወሊድ እዚያው ማህፀን ውስጥ ትቆያለች፣ ስለዚህ አዲስ ባለሙያ በገባ ቁጥር «ውይ መንታ! እንኳን ደስ አላችሁ!» ፋይሉን ገልጦ ማየት ምን ይከብዳል? ምርመራው ራሱ ግን አልተጓደለም፣ ከሳምንታት በኋላ የሕፃኗን አንጎል በኤምአርአይ አይተዋል። ቀደም ብላ ብትወለድም ደህና ናት። አንዳንድ ሆስፒታል ውስጥ መንታዋን ያጣች ሕፃን አልጋ ላይ ሐምራዊ ቢራቢሮ ይለጠፋል፣ ሠራተኛው ሳይጠይቅ እንዲያውቅ። እኛ ግን ለምነን ነው ያስለጠፍነው።

መንታ ያረገዛችሁ፣ ከ14ኛው ሳምንት በፊት ባለው ስካን የእንግዴ ልጁ አንድ ነው ሁለት ብላችሁ ጠይቁ፣ በኋላ መለየቱ ይከብዳል። አንድ ከሆነ ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ስካን ይገባችኋል። ትዊንስ ትረስት የሚባል ድርጅትም ልጅ ላጡ የመንታ ወላጆች ቡድን አለው፤ በእንግሊዝኛ ነው፣ ከእኔ ይልቅ ባለቤቴ ተጠቅሞበታል።