የንግድ ጉቦ ሕጎችን የሚከታተል የምክርና የሥልጠና አገልግሎት፦ የአንድ ዓመት ተጠቃሚ አስተያየት

ከውጭ አገር ገዢዎችና አቅራቢዎች ጋር የሚሠራው ድርጅታችን በየጊዜው የሚለዋወጡት የጉቦ ሕጎች እንዳያመልጡት አንድ የምክርና የሥልጠና አገልግሎት ዓመቱን ሙሉ ከፍሎ ተጠቅሟል። ከሁሉ በላይ የጠቀመን፣ ጉቦ ማለት ለመንግሥት ሹም የሚሰጥ እጅ መንሻ ብቻ ነው የሚለውን የቆየ ግንዛቤያችንን ማረሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የሚያተኩረው በውጭ አገር ባለሥልጣናት ላይ ሲሆን፣ በ2011 ሥራ ላይ የዋለው የብሪታንያ የጉቦ ሕግ ግን በግል ድርጅቶች መካከል የሚደረገውንም ይከለክላል፤ ድርጅቱን ወክሎ የሚሠራ ሰው ለድርጅቱ ጥቅም ሲል ጉቦ ከሰጠም፣ በቂ የመከላከያ ሥርዓት እንደነበረው ማስረዳት ያልቻለ ድርጅት ራሱ በወንጀል ይጠየቃል። ሥራ ለማቀላጠፍ የሚከፈል ጥቂት ገንዘብ እንኳ በአሜሪካው ሕግ ጠባብ ልዩ ሁኔታ ሲኖረው በብሪታንያው ምንም የለውም።

ስለ ወኪሎች የተሰጠው ትምህርት ለብቻው ክፍያውን ያካክሳል። ሠልጣኙ አንድ የኮሚሽን ሒሳብ መጠየቂያ ይቀርብለትና «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚለው መስመር ለምን ሥራ እንደሆነ፣ ገንዘቡስ በማን ስም ወደተከፈተ ሒሳብ እንደሚገባ እንዲመረምር ይደረጋል። እኛም በዚያው ሳምንት የራሳችንን ሰነዶች ስናገላብጥ፣ ኮሚሽኑ በሌላ ሰው ስም ወደተከፈተ ሒሳብ እንዲገባለት የጠየቀ ወኪል አገኘን፤ ምክንያቱን በጽሑፍ እስኪያስረዳም ክፍያውን አገድን።

ቅር ያሰኘኝ ማሻሻያዎችን የሚያስገቡበት ፍጥነት ነው፤ አገልግሎቱ የሚሸጠው በዚሁ ስም በመሆኑም ጉድለቱን ቀላል አድርጌ ማየት አልችልም። በየካቲት ወር 2025 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በ1977ቱ ሕግ መሠረት አዳዲስ ምርመራ እንዳይጀመር ለ180 ቀናት ሲያግዱ ማሳወቂያው ወዲያው ደረሰን። ሆኖም በሰኔ ወር የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ አዲስ የአፈጻጸም መመሪያ ካወጣ በኋላም ገጹ «ታግዷል» እንዳለ በመቆየቱ፣ አንድ የሽያጭ ባልደረባችን ሕጉ የተሻረ መስሎት ነበር፤ ሕጉ ግን ለአንድ ቀንም አልተሻረም። የቻይናው ትምህርትም እንዲሁ ነው፦ ከጥቅምት 15 ቀን 2025 ጀምሮ የጸናው የተሻሻለው ሕግ ጉቦ መቀበልንም በግልጽ ከልክሎ የቅጣቱን ጣሪያ ከ3 ወደ 5 ሚሊዮን ዩዋን ቢያሳድገውም፣ ከአንድ ወር በኋላ ስከፍተው የቀድሞውን አኃዝ ይዞ አገኘሁት።

ውሉን ለአንድ ዓመት ያደስነው፣ እያንዳንዱ ገጽ መጨረሻ የታረመበትን ቀን እንዲይዝ በጽሑፍ ካስፈረምን በኋላ ነው።