ባለ 8 ኢንች ዶብሶኒያን ቴሌስኮፕ፦ ለዩኒቨርሲቲ የሰማይ ምልከታ ምሽት ይሆናል?

ለሕዝብ ክፍት የሆነ የሰማይ ምልከታ ምሽት የሚያዘጋጅ የዩኒቨርሲቲ ክበብ አንድ ቴሌስኮፕ ብቻ የመግዛት አቅም ካለው፣ ባለ 8 ኢንች ዶብሶኒያን ይግዛ፤ ይህም መሬት ላይ በሚያርፍ መቀመጫ ላይ በእጅ የሚዞር፣ የዋናው መስታወቱ ስፋት 8 ኢንች የሆነ ቴሌስኮፕ ነው። ስካይ-ዎቸር ክላሲክ 200ፒን እንውሰድ። የትኩረት ርዝመቱ (ከመስታወቱ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ያለው ርቀት) 1200 ሚሊ ሜትር ነው፤ አብረውት የሚመጡት ባለ 25 እና ባለ 10 ሚሊ ሜትር አይፒሶች (ዓይን የሚጠጋባቸው ሌንሶች) 48 እና 120 ጊዜ ያጎላሉ። የጁፒተርን አራት ትልልቅ ጨረቃዎች ለማየት 48 ይበቃል፤ የሳተርንን ቀለበት በደንብ ለማየት 120 ይሻላል። ሞተርም ባትሪም የለውም። ጆን ዶብሰንም ይህን ዓይነት አሠራር ያስፋፋው በሳን ፍራንሲስኮ ጎዳናዎች ላይ አላፊ አግዳሚው ሰማይ እንዲያይ ነበር፤ ለሰልፍ የተፈጠረ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል።

አዲስ አበባ ላይ ሌላም ብልጫ አለው። ኢኳቶሪያል መቆሚያ (የሰማዩን ዙረት ተከትሎ የሚዞር መቆሚያ) ያላቸው ቴሌስኮፖች በሰሜን ኮከብ አቅጣጫ መስተካከል አለባቸው። ከተማዋ በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለምትገኝ ግን ኮከቡ ከአድማስ ከፍ የሚለው 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ፎቅ ወይም ረድፍ ባሕር ዛፍ ይጋርደዋል። ዶብሶኒያን ይህን አይጠይቅም፤ መሬት ላይ አስቀምጦ ማዞር ነው።

ትልቁ ድክመቱም የሚመጣው ከዚሁ ከአቀማመጣችን ነው። እዚህ ጨረቃና ፕላኔቶች ከፍተኛ ቦታቸው ላይ ሲደርሱ ወደ አናት ይጠጋሉ። ቱቦው ቀጥ ብሎ ሲቆም ደግሞ ወደ ጎን መግፋት ያስቸግራል፤ እየተንገጫገጨ ያልፋል፣ ኢላማውም ይጠፋል። አብሮ የመጣው ፋይንደር (ኢላማ መፈለጊያው ትንሽ ቴሌስኮፕ) ቀጥ ያለ ከሆነ አንገትን ሰብሮ ከሥር ማየት ሊኖር ነው። ስለዚህ ፕላኔቶችን ከአድማስ ከ30 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ሳሉ አሳዩ፤ አናት ላይ ሲደርሱ ወደ ደቡብ ዙሩ። በግንቦት ምሽት ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው ግዙፍ የከዋክብት ክምችት ከ33 ዲግሪ ብዙም ሳይበልጥ ያልፋል፤ ለዚህ ቴሌስኮፕ የተመቸ ከፍታ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ሰማዩ የሚዞር መሆኑ ነው። በባለ 10ው አይፒስ አንድ ፕላኔት ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም፤ ከመሃል ከተነሳ ደግሞ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይወጣል። ተመልካች ግማሽ ደቂቃ ከቆየ፣ በጎ ፈቃደኛው በየሰዉ መሃል ማየትና ወደ መሃል መመለስ አለበት። ይህን ሳያደርጉ ሰልፉን ማስኬድ በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ ሰዉ ጨለማ አይቶ፣ አፍሮ «አየሁ» ብሎ ይሄዳል። ትርፍ ገንዘብ ካለ ባለ 15 ሚሊ ሜትር፣ የእይታ ስፋቱ 66 ዲግሪ የሆነ አይፒስ ግዙበት። 80 ጊዜ ያጎላል፣ ኢላማውንም ከሦስት ደቂቃ በላይ ያቆያል። ለእኔ ከቴሌስኮፑ ቀጥሎ በጣም አስፈላጊው ግዢ ይኼ ነው።

ሰው ጎንበስ ሲል እጁ ሳያስበው አይፒሱን ይይዛል። አጠገቡ መደገፊያ ያለው ወንበር አቁሙና «የወንበሩን መደገፊያ ይያዙ» በሏቸው፤ ለልጆችም መወጣጫ ይሆናል። መነጽር ያደረገ ሰው በባለ 10ው ይቸገራል፤ አውልቆ ፎከሱን ራሱ ያስተካክል።

ቱቦው 11፣ መቀመጫው 15 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ። መኪና ላይ ሲንገጫገጭ መስታወቶቹ ይዛባሉ፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ገና ሳይጨልም ቱቦውን አጋድማችሁ አስተካክሉ። በአይፒሱ ቦታ በሚገባው፣ ቀዳዳ ባለው ትንሽ ክዳን በኩል እያያችሁ ከታች ያሉትን ሦስት መቆለፊያ ብሎኖች አላሉ፤ የትልቁ መስታወት ምልክት መሃል እስኪገባ ሦስቱን ማስተካከያዎች በጥቂት በጥቂቱ አዙሩ፣ ከዚያ በቀስታ ቆልፉ። አጥብቆ መቆለፍ መልሶ ያዛባዋል። የትንሹን መስታወት ብሎኖች ያለ ምክንያት አትንኩ፤ ቱቦው ቆሞ ሳለ የወደቀ መፍቻ የሚያርፈው ትልቁ መስታወት ላይ ነው።

መስታወቱ የውጩን ቅዝቃዜ እስኪላመድ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ቶሎ አውጡት፣ ፀሐይ ፈጽሞ እስክትጠልቅ ግን የቱቦው ክዳን አይነሳ። አንድ ልጅ በዚህ ቴሌስኮፕ ወደ ፀሐይ ካየ ዓይኑ ይጠፋል፤ ስለዚህ ከክዳኑ አጠገብ ሁልጊዜ አንድ ኃላፊ ይቁም። መቀመጫው የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ስለሆነ እርጥብ ሣር ላይ ከቆመ ጠርዙ ያብጣል፤ ሲሚንቶ ላይ አቁሙት።

መኪና የሌለው ክበብ ባለ 6 ኢንቹን ቢወስድ ይሻለዋል፤ ቀለል ይላል፣ የመስታወት መዛባትንም ይበልጥ ይችላል። በጀት ያለው ደግሞ ወደ 12 ኢንች ከማደግ ይልቅ ሁለት ባለ 8 ይግዛ፤ አንዱ ጨረቃን፣ ሌላው ፕላኔትን ሲያሳይ ሰልፉ ለሁለት ይከፈላል።