የሳር ማጨጃ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ስቲከሩን ላጥ አድርጋችሁ እዩ

ክረምቱ ወጥቶ ግቢውን ሁሉ ሳር ሲውጠው፣ በትከሻ የሚያዙት የቤንዚን ማጨጃዎች መርካቶ በየሱቁ ደጃፍ ይደረደራሉ። ሻጩን ታውቁታላችሁ፤ ገመዱን ሳብ አድርጎ ያስነሳል፣ ያስጮኸዋል፣ «ኦርጅናል ነው፣ ሃምሳ ሁለት ሲሲ» ይላል፤ ሲሲ የሞተሩ መጠን ነው። ሱቅ ውስጥ ባዶውን የሚጮህ ሞተር ግን ምንም አያረጋግጥም። አቅሙ የሚታወቀው ሳሩን እየተሽከረከረ የሚያጭደው የፕላስቲክ ክር ሳር ውስጥ ሲገባ ነው።

የተሸጠልኝ ማሽን ስቲከሩ 52 ይላል። ሞተሩ ሲግል የስቲከሩ ጥግ ተላጠ፣ ከስሩ ብረቱ ላይ «1ኢ40ኤፍ» (1E40F) የሚል ጽሑፍ ወጣ። 40 ማለት የፒስተኑ ስፋት በሚሊሜትር ነው። እውነተኛው 52 ሲሲ ባለ 44 ፒስተን ነው፣ ጽሑፉም 1ኢ44ኤፍ ይላል። ባለ 40ው 43 ሲሲ ነው፤ በትክክል ሲሰላ እንዲያውም 42.7። ስቲከሩን የለጠፉት ደግሞ ሌላ ቦታ ሳይሆን ልክ ቁጥሩ ላይ ነው። ይህ ታስቦበት የተሠራ ሌብነት ነው!

ተሸክሜው ስመለስ ሠራተኛው ከስልኩ ቀና አላለም። ጽሑፉን ሳሳየው ስቲከሩን በአውራ ጣቱ መልሶ ለጠፈውና «ወንድሜ፣ ይሄ የፋብሪካ ቁጥር ነው፣ አንተን አይመለከትህም» አለኝ። ከዚያ ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ማህተም በጣቱ መታ መታ አደረገ። አጠገቡ ያለው ሳቀ። ገንዘቡን ቆጥሮ የከፈለ ሰው እንዲህ ተንቆ ሲሸኝ ያንገበግባል።

ከዚህ የባሰው የሚሰጡት ምክር ነው። «ለአምስት ሊትር ጀሪካን ሁለት ክዳን ዘይት ይበቃል» ይላሉ። የሃይላንድ ክዳን ሁለቱ ተደምሮ 15 ሚሊ ሊትር አይሞላም። ይህ ሞተር ለብቻው የዘይት ቋት የለውም፤ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር የሚገባው ዘይት ብቻ ነው። መመሪያው 25 ለ1 ካለ፣ ለ1 ሊትር 40 ሚሊ፣ ለ5 ሊትር 200 ሚሊ የቱ ስትሮክ ዘይት (ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀለው ዘይት) ማለት ነው። ዘይቱ ሲያንስ ፒስተኑ በተለይ በማርሚታው (በጭስ መውጫው) በኩል ይቧጨራል፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ይጣበቃል። ያን ጊዜ «አንተ ነህ ያቃጠልከው» ብለው ይመልሷችኋል።

«ሰፋ አድርጎ እንዲያጭድ» ብለው መከለያውንም ያስፈቷችኋል። መከለያው ላይ ያለችው ትንሽ ምላጭ ክሩን በልኩ የምትቆርጥ ናት። እሷ ከሌለች ክሩ ይረዝማል፣ ሞተሩን ይከብደዋል፣ ዙሩ ይወርዳል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ በዚያው ዙር ስለሚሽከረከር እሱም ይደክማል፤ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። ድንጋይ ወደ እግርና ወደ ዓይን የሚወረወረውም ያኔ ነው። ረጅም ሳር የሚታጨደው በክሩ ጫፍ፣ ከላይ ወደ ታች ደረጃ በደረጃ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየጠረጉ ነው። አንዴ ሥሩ ውስጥ ከተከታችሁት ሳሩ ክሩን የሚይዘው ጭንቅላት ላይ ይጠመጠማል።

ስትገዙ ስቲከሩን አስልጣችሁ ቁጥሩን አንብቡ፤ እምቢ ካሉ ውጡ። ሲሲውን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ማህተሙ አያስፈራችሁ፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበት ዕቃ፣ ከገዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። እኔም ደረሰኙንና የቁጥሩን ፎቶ ይዤ ወደ ንግድ ቢሮ እየሄድኩ ነው።