የአባቴን በርኖስ ከብል ላተረፉልኝ እትዬ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው፤ እናንተም እንድታውቋቸው። ስሜን አትጥቀሺ ስላሉኝ እትዬ ብቻ እላቸዋለሁ። ሽሮ ሜዳ፣ ከሀበሻ ልብስ ሱቆቹ ጀርባ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ልብስ ያጥባሉ፣ ይጠግናሉ። ማስታወቂያ የላቸውም። እኔንም አንዲት ነጠላ ሻጭ ናት የጠቆመችኝ።

ወንድሜ ሊያገባ ነበር። ለመልሱ ቀን የአባባን በርኖስ ልደርብ አለ። በርኖሱ የመንዝ ነው፣ የጥቁር በግ ፀጉር። አባባ ካረፈ ወዲህ ማንም ደርቦት አያውቅም፤ ከሳንዱቁ አልወጣም። ኅዳር ላይ ከፍቼ ሳወጣው ትከሻው ላይ ሦስት ቀዳዳ አየሁ። ኮሌታው ስር እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ተጋግሯል፤ ደቃቅ አሸዋ የመሰለ ብናኝም ይረግፋል። ብል በልቶታል። እዚያው ሳንዱቁ አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የአባቴ ጠረን እኮ ገና አለቀቀውም ነበር።

ላውንደሪ ለመስጠት ፈራሁ። ከዚያ በፊት የእማማን የሀበሻ ቀሚስ አንድ ቤት ሰጥቼ፣ የወጥ ጠብታ ለማስለቀቅ ብለው በረኪና አፍስሰውበት፣ ጥለቱ ነጥቶ ነው የመለሱልኝ። ስለዚህ ሁለቱንም ልብስ ይዤ እትዬ ዘንድ ሄድኩ።

ቀሚሱን ደጅ አውጥተው በብርሃን አገላብጠው አዩት። «ልጄ፣ በረኪና የበላው ቀለም አይመለስም። እኔም ገንዘብሽን አልወስድም» አሉኝ። በዚያች ደቂቃ ነው ልቤ ያመናቸው። ያን ቀሚስ ለሰፊ ሰጥቼ ጥለቱን አስቀየርኩት፤ እንዲህ አድርጊ ያሉኝም እሳቸው ናቸው።

በርኖሱን ግን ወዲያው ለማጠብ አልተቀበሉኝም። «መጀመሪያ ያለውን ነፍስ እንግደል፤ ከዚያ ነው የሚታጠበው» አሉ። ብሩሽ ይዘው ስፌቱን፣ እጥፋቱን፣ የኮሌታውን ውስጥ አንድ በአንድ ጠረጉት። አንዲት ነጭ ትል መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ። እኔ የሚበላው ያ ቤት ውስጥ የሚበርረው ይመስለኝ ነበር። በራሪውማ የሚበላበት አፍ የለውም፣ ምንም አይበላም፤ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። የሚበላው ትሉ ነው። አንዲቷ ብል ከ40 እስከ 50 እንቁላል ትጥላለች፤ በዓይን ለማየትም ይከብዳል። ትሉ ብርሃን ስለሚጠላ ጨለማ እጥፋት ውስጥ ተደብቆ ይኖራል።

ከዚያ የሰጡኝ ትእዛዝ አስገረመኝ። በርኖሱን በላስቲክ አጥብቄ ጠቅልዬ፣ አየሩን አስወጥቼ፣ ፍሪዘር ውስጥ ላኖረው ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ቢያንስ አንድ ሳምንት መቆየት አለበት። መብራት እየሄደ ስላስቸገረኝ እኔ ሁለት ሳምንት አቆየሁት። ሲወጣም ላስቲኩ ቶሎ አይፈታም፤ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ድረስ እንደታሸገ ይቆያል፣ አለበለዚያ ጤዛ ይይዘውና ልብሱ ይረጥባል።

መልሼ ስወስድላቸው በርኖሱን ወዲያው ማጠብ አልጀመሩም። «ከመታጠቡ በፊት አሽትቺው፣ ጥገቢ» አሉኝ። ይህን አልረሳላቸውም። ወጣ ብለው ለብቻዬ ተዉኝ።

ያጠቡት በእጃቸው ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና፣ ሳያሹ፣ ሳይጠመዝዙ። ሱፍ ሙቅ ውሃ ከነካውና ከታሸ ይኮማተራል፤ በረኪና ደግሞ ሱፍንም ሐርንም ራሱን ይበላዋል። ፎጣ ላይ ዘርግተው ጥላ ውስጥ አደረቁት። ከዚያ ቀዳዳው ቀረ። እዚህ ላይ ነው እጃቸውን ያየሁት። የሱቅ ክር አልገዙም። ከበርኖሱ ከራሱ፣ ከታችኛው የውስጥ እጥፋት ክር መዘዙ። በዚያው ክር ቀዳዳውን በመርፌ ድርና ማግ አድርገው ሸመኑት፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እያሳለፉ። ሁለቱ ዛሬ የት እንደነበሩ አላገኛቸውም። ሦስተኛው ትልቅ ስለነበር ቀረብ ብሎ ላየ ይታወቃል። ይህንንም አስቀድመው ነግረውኝ ነበር።

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሳይ የተማርኩት ብዙ ነው፤ በተለይ ስለ እድፍ። ብል የሚወደው ሱፍ፣ ሐር፣ ላባና ፀጉር ነው። ንጹሕ ጥጥ ምግቡ አይደለም። ላብ፣ ቅቤ ወይም ወጥ የነካው ጋቢ ግን አያመልጥም። ስለዚህ አንዴ ተለብሶ፣ «ንጹሕ ነው» ተብሎ የሚታጠፍ ልብስ ነው የሚበላው። የአባባም በርኖስ የተበላው ኮሌታው ስርና ትከሻው ላይ፣ ላብ የነካው ቦታ ነው።

የዶሮ ወጥ ሲንጠባጠብ አትሹት ይላሉ፤ ቅባቱ ይሰፋል። በማንኪያ አንስቶ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጎ ማቆየት፣ ከዚያ ከልብሱ ጀርባ በኩል በውሃ መግፋት። ደምና እንቁላል በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ፤ ሙቅ ውሃ ያረጋዋል። ብዙዎቻችንን የሚያስደነግጠን ደግሞ የአልጫ ነው። አልጫው ውስጥ ያለው እርድ ሳሙና ሲነካው ቀይ ይሆናል። እኔ አንዴ ነጠላዬን አበላሸሁት ብዬ ጥዬዋለሁ! ለካ በደንብ ተለቅልቆ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ እየደበዘዘ ይለቅ ነበር። ይህ ለነጭ ልብስ ነው፤ ባለ ቀለም ጥለት ያለው ከሆነ ፀሐይ ላይ አይቆይም። ጥለቱ ቀለም ይለቅ እንደሆነም አስቀድሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጎ ማየት ነው።

ናፍታሊን አይወዱም። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለማ ጭራሽ። የሕፃናትን ደም ሊጎዳ ይችላል፤ እኔ ደግሞ ይህን ሳላውቅ የልጄን ብርድ ልብስ ውስጥ ስከት ነበር። አሁን የሱፍ ልብስ አጥቤ፣ በደንብ አድርቄ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ነው የማስቀምጠው። በየሁለት ወሩ አውጥቼ አራግፋለሁ፣ ስፌቱን እቦርሻለሁ። ሳንዱቁንም ጥጋጥጉን ጠርጌዋለሁ፤ እንቁላሉ እዚያም ይቀራልና።

ለሚሄዱ ሰዎች ጥቂት ልበል። እትዬ ዝግ ያሉ ናቸው፤ የእኔን ከተረከቡ በኋላ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል። ለነገ ሠርግ ዛሬ ይዛችሁ አትሂዱ። እሑድና በዓል አይሠሩም። ዋጋውን መጀመሪያ ይነግሯችኋል፣ ከዚያ ዝንፍ አይልም። እድፉን ራሳችሁ በበረኪና ሞክራችሁ አትሂዱ፤ ምን እንደነካውና መቼ እንደነካው ግን ንገሯቸው። ቦታቸውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ፈቅደውልኛል።

በጥር ወንድሜ በርኖሱን ደርቦ ሲገባ እማማ ትከሻውን ይዛ ብዙ ቆየች። እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ፤ እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።