የ8 ሳምንት ሥልጠና ወይስ የዜን ማዕከል?

የቡድሂዝምን ተመስጦ ከአሜሪካ የሥራ ቀን ጋር ካዋሐዱት መንገዶች አንዱ ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የጀመሩት የ8 ሳምንት ሥልጠና ሲሆን፣ ሌላው ጃፓናዊው መነኩሴ ሹንሪዩ ሱዙኪ በ1962 የመሠረቱት የሳን ፍራንሲስኮ ዜን (ተቀምጦ መመሰጥን የሚያስቀድም የቡድሂዝም ዘርፍ) ማዕከል ነው። ሥልጠናው ሃይማኖታዊ ሥርዓቱን ትቶ በሕመምና በጭንቀት ላይ ያተኩራል፤ ሠልጣኙ አንዲት የዘቢብ ፍሬ መዳፉ ላይ አኑሮ መጨማደዷን ያያል፣ ያሸታታል፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ያላምጣታል። በዜን ማዕከሉ ግን ለተመስጦ የሚቀመጠው ሰው ወገቡን አቅንቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ይሰግዳል፣ ሱትራ (የቡድሂዝም ቅዱስ ጽሑፍ) ያዜማል፣ ውጤትም አይጠብቅም፤ ለጀማሪ ይህ ከጉልበት ሕመሙም በላይ ይከብዳል። በቀን 45 ደቂቃ ያህል ቤቱ መለማመድ ለሚችል ሠራተኛ ሥልጠናው ይስማማዋል፤ ከ8ኛው ሳምንት በኋላ ብቻውን መቀጠል ለሚያቅተው ግን፣ በእኔ ግምት፣ አብረውት የሚቀመጡ ሰዎች ያሉበት ዜን ይሻለዋል።